በይሉኝታ ልንፈነዳ ነበር

ጨዋነት የሚገድለውን ያህል ሰው ብልግና ገድሎ አያውቅም። አትሳቁ! ባለጌ ቢበዛ ይሰደባል፤ ቢብስ በጥፊ ይመታና ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ጨዋ ሰው ግን... ጨዋ ሰው ጋቢው በእሳት ቢያያዝ እንኳ "እንግዶቹ ምሳቸውን ይጨርሱ" ብሎ ይጠብቃል። "ዝም አይነቅዝም" ያሉት አባቶቻችን እውነታቸውን ነው፤ ዝም አይነቅዝም። እንደሚፈነዳ ግን አልነገሩንም! በምን ያውቁታል? በእነሱ ዘመን ጋዝ በቧንቧ አይመጣም ነበራ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እኔና ባለቤቴ ጽጌ የምንኖረው ጄኔቫ ዳር፣ ቶኔ ነው። በእግራችን ድንበር ተሻግረን ፈረንሳይ አገር ሥጋ ገዝተን ስንመለስ የጣድነው ውሃ ገና አይፈላም። ሕንፃችን ያረጀ ነው፤ እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። በፎቁ ላይ ያሉት ሁለት በሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ የኛ፣ ፊት ለፊት ያለው የማዳም ሮሻ። ማዳም ሮሻ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀሚሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቆሻሻ ሊጥሉ እንኳ ሊፕስቲክ ሳይቀቡ የማይወጡ ሴት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤታሞች ስንሆን ያወራነው ቢጠራቀም አንድ ገጽ አይሞላም።

"ቦንዡር፣ ሙሴ ተፈራ።"

"ቦንዡር፣ ማዳም ሮሻ።"

"ዛሬ ይበርዳል።"

"አዎ፣ ይበርዳል።"

በቃ! በበጋ ደግሞ "ይሞቃል" እንባባላለን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? የኛ ቅርበት ሦስት እርምጃ ነው፤ ሦስቱንም ግን ተራምደናቸው አናውቅም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡኝ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ባደግንበት ሰፈር ጋዝ ማለት ጠርሙስ ይዘን ተልከን የምንገዛው ነጭ ጋዝ ነበር። ኋላ ሲሊንደሩ መጣ። እዚህ ግን ጋዝ እንደ ውሃ ነው። ከመንገዱ ሥር ይነሳና፣ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ፣ ወጥ የምትሠሩበት ምድጃ ድረስ በራሱ ይመጣል። ቧንቧውን ማን እንደቀበረው፣ መቼ እንደቀበረው ማንም አይጠይቅም። ሰው ጉበት እንዳለው ትዝ የሚለው ሲያመው አይደል? እኛም ቧንቧ እንዳለን ትዝ ብሎን አያውቅም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን፣ ደረጃውን ጨርሼ ቁልፌን ስፈልግ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። የበሰበሰ ጎመን ይመስላል፤ ትንሽ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት፤ ትንሽ የሰነበተ ዕንቁላል...

"ጽጌ፣ የሆነ ነገር አይሸትሽም?"

"ይሸተኛል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። በአገጯ የማዳም ሮሻን በር አመለከተችኝ። "አይብ ነው።"

"ይሄ ሁሉ?"

"የፈረንጅ አይብ አታውቅም? እነሱ ጋ አይብ ሲበላሽ ነው የሚወደደው።"

እውነቷን ነው አልኩ። ማዳም ሮሻ በየሳምንቱ ድንበር ተሻግረው አይብ ይገዛሉ፤ በዓይናችን አይተናል። ታዲያ የሰማንያ ዓመት ሴት አንኳኩቼ "አይብዎ ይሸታል" ልበላቸው? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር? እንዴት ተደርጎ! አፍንጫችንን ይዘን እየገባን፣ አፍንጫችንን ይዘን ወጣን።

ሽታው ግን እንደ ጥሩ ልጅ ዕለት ዕለት አደገ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ማዳም ሮሻ ናቸው፤ ሪባን የታሰረበት ሽቶ ያለው ሻማ ይዘዋል።

"ለእናንተ ነው" አሉ ፈገግ ብለው። "ላቫንደር ነው። ለቤት... ጥሩ ነው።"

ጽጌ አመስግና፣ ጎንበስ ብላ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

"ሰማህ? ቤታችሁ ይሸታል እኮ ነው ያለችኝ!"

"አረ ስጦታ ነው..."

"ስጦታ! በገዛ አይቧ አገር ምድሩን አግምታ እኔን ሻማ ትስጠኝ?"

በማግሥቱ ጽጌ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ስትመለስ የክንድ ውፍረት ያለው፣ ሦስት ክር ያለው፣ ቫኒላ ቫኒላ የሚል ሻማ ይዛለች። ወስዳ ለማዳም ሮሻ አበረከተች። "ለእርስዎ ነው፤ ለቤት... ጥሩ ነው።" ቃል በቃል! ብድር በምድር ይሏችኋል ይሄ ነው።

እንግዲህ ማዳም ሮሻም ጨዋ ናቸው፤ ጨዋ ደግሞ ሽንፈት አይወድም። በራቸው አጠገብ፣ ደረጃው አናት ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አወጡና ሻማውን ጠዋት ጠዋት ይለኩሱ ጀመር። ጽጌ ሞታ ነው ዝም የምትል? እኛም በርጩማ አወጣን፤ ላቫንደራችንን ለኮስን። እሳቸው ሁለተኛ ሻማ ጨመሩ፤ እኛ ሦስተኛ። በሁለት ወር ውስጥ አራተኛ ፎቅ የደብር ዋዜማ መሰለ። በዚህ ሁሉ መሃል ስንገናኝ ምን እንላለን?

"ቦንዡር፣ ሙሴ ተፈራ። ዛሬ ይበርዳል።"

"አዎ፣ ማዳም ሮሻ። ይበርዳል።"

አንድ እሑድ ከቀትር በፊት የጽጌ ታናሽ ወንድም ጌታሁን ሊጠይቀን መጣ። ጌታሁን የሚኖረው ዙሪክ ጥግ፣ ዋሊሰለን ነው፤ እዚያ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ጫማ ይሸጣል። ሃያ ዓመት የተናገረው ጀርመንኛ ምላሱን ቀጥ አድርጎበታል። የእግሩን ሽታ የማያውቅ ደንበኛ ሲመጣበት "ጫማው ልክዎ ነው፤ ካልሲዎን ግን ያጥቡት" የሚል ሰው ነው። አንዴ ለቄሱ "ስብከትዎ ስምንት ደቂቃ አልፏል" ብሎ የንስሐ አባት ያጣ ነው። እና ይሄ ሰውዬ ደረጃውን ወጥቶ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣

"ምንድን ነው የሚሸተው?" አለ። በጩኸት!

"ዝም በል!" ጽጌ አፉን ልትይዘው ተንጠራራች። "የማዳም ሮሻ አይብ ነው፤ ትሰማለች።"

"ብትሰማስ? ነግራችኋታል?"

"እንዴት ተደርጎ ይነገራል?"

"በአፍ ነዋ!"

ልይዘው እጄን ስዘረጋ አመለጠኝ። ሦስቱን እርምጃ፣ እኛ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተራመድናቸውን ሦስት እርምጃዎች፣ እሱ በአንድ ትንፋሽ ተራምዶ ደወሉን ደወለ። ማዳም ሮሻ ከፈቱ። ሊፕስቲካቸውን ተቀብተዋል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ጌታሁን ሊል የፈለገው "ማዳም፣ ይሸትዎታል?" ነው። ፈረንሳይኛው ግን የተማረው ዙሪክ ነው። ከአፉ የወጣው "ማዳም፣ ይሸታሉ!" ሆነ።

ጽጌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ግድግዳው ቢከፈትና ቢውጠኝ ስል ተመኘሁ። ማዳም ሮሻ ዓይናቸውን አንዴ ጨፈን፣ ገለጥ አደረጉ። ሁለት ወር ሙሉ የታመቀው ነገር ከጉሮሯቸው ሲመጣ ታየኝ።

"እኔ?" አሉ። "እኔ፣ ጌታዬ? እናንተ ናችሁ እንጂ! ያ ቅቤያችሁ!"

"የኛ ቅቤ?" ጽጌ ነጠላዋን ገፈፈች። "የእርስዎ አይብ እንጂ! ቅቤዬን ካነጠርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ለእርስዎ ብዬ ነው የተውኩት!"

"እኔስ? አይብ ከገዛሁ ሁለት ወር አልፎኛል! እናንተ በኔ ታሳብባላችሁ ብዬ..."

ጌታሁን አንዴ እህቱን፣ አንዴ ማዳም ሮሻን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጫማ እንደሚያስለካ ሰው በትዕግሥት ጠየቀ።

"ይቅርታ... ቅቤም ካልሆነ፣ አይብም ካልሆነ... ምንድን ነው?"

አራታችንም አፍንጫችንን ወደ ላይ አነሳን። አሸተትን። ከዚያ፣ ማንም ሳያዝዘን፣ የአራታችን ዓይን አንድ ላይ ወረደ... እዚያው በሮቻችን መሃል ቦግ ቦግ ወደሚሉት አምስት ሻማዎች።

ወገኖቼ፣ የሰማንያ ዓመት ሴት እንደዚያ ስትተነፍስ አይቼ አላውቅም። "ፉፉፉፍ!" አሉ ማዳም ሮሻ፤ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ሁለቱን እኔ በባዶ እጄ ያዝኳቸው፤ ጠባሳው አሁንም አለ፤ ስንገናኝ አሳያችኋለሁ። ጌታሁን የየፎቁን በር በጡጫ እየደበደበ "ጋዝ! ጋዝ!" እያለ ወረደ። ይሄን ቃል በሁሉም ቋንቋ ያውቀዋል።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሕንፃው በሙሉ መንገድ ላይ ወጣ። አንዱ በፒጃማ፣ አንዱ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ። ማዳም ሮሻ ቁልቁል ሲወርዱ ክንዴን ይዘውኝ ነበር፤ እኔም ትከሻቸውን። ማን ማንን እንደደገፈ እግዜር ይወቅ። በዚያ ሁሉ ትርምስ ግን፣ ታምናላችሁ፣ ጽጌ ጓዳ ገብታ የቅቤዋን ጣሳ ይዛ ወጥታለች። ማዳም ሮሻም በሌላ እጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከሁለት ወር በፊት የተረፈ ቁራጭ አይብ ይዘዋል። ወርቅ የለ፣ ፓስፖርት የለ! ሁለቱም ከሞት ይልቅ ስማቸው አሳስቧቸው ማስረጃቸውን ይዘው ነው የወጡት።

ጌታሁን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ስልክ መታ። የጋዝ ሠራተኞቹ ወዲያው ደረሱ። አለቃቸው ጢማም፣ ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ በእጁ ይዟል። ገና ከመኪናው ሲወርድ ጽጌ ጣሳውን ከፍታ ጠበቀችው።

"መጀመሪያ ይሄን ይለኩልኝ።"

"እመቤት፣ ጊዜ የለኝም..."

"ይለኩት ነው የምልዎ!"

ለካው። መሣሪያው ጭጭ። ማዳም ሮሻም አይባቸውን አስጠጉ። ጭጭ። "ሁለቱም ንጹሕ ናቸው" አለና እየተገረመ ወደ ሕንፃው ገባ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ፍርድ ቤት ነፃ ተብለው የወጡ ተከሳሾች እንኳ እንደዚያ አይተያዩም።

መሣሪያው አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ጮኸ። በሁለቱ በሮች መሃል፣ ግድግዳው ውስጥ ሽቅብ የሚወጣው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተበልቷል። ወርደው መንገዱን ሲያሸቱ ደግሞ እዚያም ጮኸ። ዋናውን መስመር ዘግተውት ተመለሱ።

"ለምን ያህል ጊዜ ሸተታችሁ?" አለ ጢማሙ ቅጽ አውጥቶ።

"ሁለት ወር" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

ብዕሩ ቆመ። "ጋዝ በራሱ እኮ ሽታ የለውም። ሰው ቶሎ አውቆ እንዲደውል ብለን እኛ ነን መጥፎ ሽታ የምንጨምርበት። ታዲያ ለምን አልደወላችሁም?"

ይሉኝታን በፈረንሳይኛ ምን ልበለው? ስንተባተብ ማዳም ሮሻ ቀደሙኝ።

"ከጨዋነት የተነሳ ነው፣ ጌታዬ።"

ጢማሙ ቅጹን ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሞላበት ቦታ አላገኘም። "እና በዚህ ላይ ሻማ ነበር?" አለ። "አምስት" አለ ጌታሁን፣ ሳይጠየቅ። ሰውዬው አማተበ። ከዚያ "ዕድለኞች ናችሁ" አለና ሄደ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! የመንገዱ ሁሉ ቧንቧ አርጅቷል ተባለ፤ ተቆፍሮ ይቀየር ተባለ። የሕንፃውም እንደዚያው። አስፋልቱ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ተሰነጠቀ። ፈረንጅ ሁሉ "ሙሴ" ሲለኝ ኖሮ አሁን ገና ገባኝ፤ ያኛው ሙሴ ባሕር ከፈለ፣ እኔ መንገድ አስከፈልኩ። ልዩነቱ፣ የሱ ሕዝብ ተሻግሮ ዘመረ፤ የኔ ሰፈር ሰው መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ ረገመኝ። አንድ ቀን አንዱ ቆፋሪ አሮጌውን ቧንቧ ቆርጦ አሳየኝ። በጣቴ ነካ ባደርገው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። በላዩ ላይ ስንት ዓመት ስንመላለስ እንደኖርን ሳስበው ቁራጩን ቶሎ ብዬ መለስኩለት። ማዳም ሮሻ ግን ቧንቧው በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀበረ ጠየቁና ሲነገራቸው ደስ አላቸው፤ "በአራት ዓመት ይበልጠኛል" አሉ።

ሦስት ሳምንት ያለ ጋዝ ኖርን። ቤቱን የሚያስተዳድረው ሬዢ ለየቤቱ አንድ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰጠ፤ ስፋቷ የሻይ ሰሃን ታክላለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ደግሞ ብቻውን የሚኖረው የልጃችን ልደት! ማታ ይመጣል። ዶሮ በአንድ ሰሃን ምድጃ? ሽንኩርቱ ብቻ እስከ ቀትር ይፈጃል። ጽጌ ሁለተኛ ምድጃ ተውሳ ብትሰካ መብራቱ ጧ ብሎ ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ቆመን ሳለ ማዳም ሮሻ በራቸውን ከፍተው ብቅ አሉ።

"የኔን ምድጃ በኔ ቤት ለምን አትጠቀሙም?"

ሁለቱም በሮች ተከፈቱ። ሽንኩርቱ እኛ ጋ፣ ዕንቁላሉ እሳቸው ጋ፤ ጽጌ ማማሰያ ይዛ መሃል ላይ ትመላለሳለች። ማዳም ሮሻ ሰዓት ይዘው ዕንቁላሉን ይጠብቃሉ። ማታ ከኛ ጋር ተቀምጠው በሉ፤ ላባቸውን እየጠረጉ ደገሙ። ሲነሱ እጃቸውን ዘረጉልን።

"ከእንግዲህ የሸተተንን ሁሉ በግልጽ እንነጋገር። ቃል?"

"ቃል!" አልን። ተጨባበጥን። እንባም ነበረ መሰለኝ፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አላጣራሁም።

ምነው ምላሴ በተቆረጠ!

ቢጫ ቢጫ አዲስ ቧንቧ ተቀበረ፤ አስፋልቱ ተለሰነ፤ ጋዙ ተለቀቀ። ሽታው ጠፋ። ቃሉ ግን አልጠፋም። በማግሥቱ ደወሉ ጮኸ።

"ሙሴ ተፈራ፣ ጠዋት ሻወር ውስጥ ይዘፍናሉ።"

"አዎ..."

"አይዝፈኑ።"

በሦስተኛው ቀን፣ "ያ ኮፍያዎ አሮጌ ያስመስልዎታል።" በአምስተኛው ቀን ግን የባሰ መጣ።

"ስለ ፈረንሳይኛዎ ነው" አሉ። "'በጣም አመሰግናለሁ' ሲሉኝ የመጨረሻዋን ድምፅ ያጠቧታል። ትርጉሙ ይለወጣል።"

"ምን ይሆናል?"

"'አመሰግናለሁ፣ መቀመጫዎ ያምራል' ይሆናል።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! በር በያዙልኝ ቁጥር! በደረጃው፣ በገና፣ በፋሲካ!

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"ጨዋነት ነዋ" አሉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፣ "ደግሞም... አልጠላሁትም ነበር።"

ተቆጥቼ ገባሁ። ለማን ልንገር? ለጽጌ። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና እጄን ያዘች።

"ተፈራዬ፣ ቃል ቃል ነው። እኔም አንድ ነገር ልንገርህ?"

"ንገሪኝ።"

"በየሳምንቱ የምትጽፈውን ወግ ታነብልኛለህ አይደል? እኔም እስቃለሁ አይደል?"

"ሆድሽን ይዘሽ እንጂ!"

"በይሉኝታ ነው።"

ይኸውላችሁ፤ ይቺን የጻፍኩት ብቻዬን ኩሽና ተቀምጬ ነው። ለማንም አላነበብኳትም። ጽጌ እንዳሻት ትሁን፤ እናንተ ግን እባካችሁ፣ በወለዳችሁ... ይሉኝታ ይኑራችሁ!